ልጁን ማን ይያዝላት?

አዋሽ አርባ ውስጥ ቀኑ ለሰው የሚመቸው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ድረስ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ አቧራው ገና አልተነሣም፣ ከጅቡቲ ሌሊቱን ሲገሰግሱ ያደሩት ተሳቢዎች ዳር ይዘው ቆመዋል። ሹፌሮችና ረዳቶች ከጀሪካን ውኃ እየቀዱ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ከተማዋ በጦር ማሠልጠኛዋ የምትታወቅ ስለሆነች ማለዳ እየዘመረ የሚሮጥ ሰልፍ ለነዋሪው እንግዳ አይደለም። የሠፈር ወጣቶችም የራሳቸው ጂም አላቸው፤ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት ቧንቧ አገናኝተው የሠሩትን ክብደት በተራ ያነሣሉ። ጡረታ የወጡ አባቶች ከዘራቸውን ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል የማትታየው ገና ዳዴ የሚል ወይም መራመድ የጀመረ ልጅ ያላት እናት ናት። እሷ በዚያች ሰዓት ከሰል እያያያዘች፣ ቁርስ እያሰናዳች፣ የነቃውን ልጅ እያጠባች ነው። ሥራዋ ጋብ ሲልላት ደግሞ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። የከተማዋ ደግ ሰዓት ሳይደርሳት ያልፋል።

ሰሞኑን አስፋልቱ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት እናት ዘንድ ቁጭ ብዬ ነበር። ልጇ አንድ ዓመት ተኩል ይሆነዋል። ወገቡ በነጠላ ቁራጭ ታስሯል፤ የነጠላው ሌላኛው ጫፍ ከአግዳሚው ወንበር እግር ጋር ተቋጥሯል። ልጁ ነጠላው እስከፈቀደለት ድረስ ይሄዳል፣ ይወጠራል፣ ቁጭ ይላል፣ ደግሞ ይነሣል። ከእሱ እስከ አስፋልቱ ያለው ርቀት ለአዋቂ ጥቂት እርምጃ ነው።

«እህቴ፣ አይጨንቀውም?» አልኳት።

«ምን ላድርግ ወንድሜ፤ ብፈታው አስፋልት ላይ ነው። ባለፈው ከቆመ ቦቴ ሥር ነው ጎትቼ ያወጣሁት።» ከዚያ ስኒውን እያቀረበችልኝ ቀጠለች፦ «እሱን ከወለድኩ ጀምሮ ወገቤን ያመኛል። ሐኪሟ እንቅስቃሴ አድርጊ፣ በእግርሽ ሂጂ አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ግን ልጁን ማን ይያዝልኝ?»

የሐኪሟ ምክር ትክክል ነው። የእናቲቱም ጥያቄ ትክክል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ግን የማንም ሥራ ሳይሆን ቀርቷል። እናቶች ስፖርት የማይሠሩት ስለሚሰንፉ ወይም ስላልገባቸው ነው እያልን፣ ትምህርት ይሰጣቸው ስንል እንቆያለን። ይህች ሴት ትምህርቱን አግኝታለች። ያጣችው ለአንዲት ሰዓት ልጇን የሚይዝላት እጅና ሁለቱም የማይሰጉበት ቦታ ነው።

«የኛ አገር ሴት ቀኑን ሙሉ ስትንቀሳቀስ ነው የምትውለው፤ ሌላ ስፖርት ምን ያደርግላታል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለገጠሩ ይህ አባባል ብዙ እውነት አለው። አርብቶ አደር የአፋር እናት ቤቷን ራሷ ነቅላ ምንጣፉንና ቅስት እንጨቱን ግመል ላይ ትጭናለች፣ ልጇን አዝላ ረጅም መንገድ ትጓዛለች፣ ከሰፈሩበት ደርሳ መልሳ ትተክለዋለች። ከዚያ ቤት ወጥታ ከተማ የገባችው ልጇ ግን የምትኖረው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ከወሎም ሆነ ከሐረርጌ በሥራና በትዳር የመጣችው ጎረቤቷም እንዲሁ ናት። ሁለቱም የሚደክማቸው በከሰል ጢስና በሙቀት ውስጥ በርጩማ ላይ አጎንብሰው ሲውሉ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሸከም ወገብ ያደክማል፤ ልብና ሳንባን እንደ ፈጣን እርምጃ አያሠራም፣ በወሊድ የላላውን የሆድና የዳሌ ወለል ጡንቻም ለይቶ አያጠነክርም። ድካም ሁሉ ስፖርት ቢሆን ኖሮ ያቺ ቡና ሻጭ ወገቧን ባላመማት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ የወለዱ እናቶችም፣ ሐኪም የሚከለክላቸው ችግር ከሌለ፣ እዚሁ ውስጥ ናቸው። መመሪያው አንድ ትልቅ ነገር አሻሽሏል። ከዚያ በፊት እንቅስቃሴ የሚቆጠረው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ሲሠራ ነበር፤ አሁን አምስቱም ደቂቃ ሦስቱም ደቂቃ ይቆጠራል። ልጅ በየደቂቃው ለሚጠራት እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ግን ስንቶቹ ሰምተውታል?

ስለ ልጆቹ የወጣው የ2019ኙ መመሪያ ደግሞ የበለጠ ይነካናል። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል፤ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅስቃሴው ታግዶ መቆየት እንደሌለበትም ይናገራል፤ በምሳሌነት ከጠቀሳቸው ውስጥ ሰው ጀርባ ላይ ታዝሎ መቆየት አንዱ ነው። ማዘል የእናትነታችን ክብር ነው፣ እኔም በአንቀልባ አድጌያለሁ፣ መጥፎ ነው የሚለኝ ካለ አልሰማውም። ነገር ግን እናት ልጇን ከጠዋት እስከ ማታ የምታዝለው ወይም የምታስረው የምታወርድበት ቦታ አጥታ ከሆነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። የታሰረው ልጅና ወገቧን የሚያማት እናት የሚያስፈልጋቸው ነገር አንድ ነው፤ አንዱ ሲያገኝ ሌላውም ያገኛል።

ከቤት እንጀምር። ጎህ ሲቀድ ልጁ ከነቃ አዝሎ ፈጠን ብሎ መሄድ፣ ከዚያ አውርዶ እሱ በሚሄድበት ፍጥነት መከተል፣ ሲደክመው ደግሞ ማዘል ይቻላል። ሕፃን በየሁለት እርምጃው ቆሞ ጠጠር ስለሚለቅም ከእሱ ጋር ብቻ መሄድ ለእናት ትንፋሽ አይበቃም፤ ማፈራረቁ ይሻላል። ልጁን ሲያነሡ ከወገብ ሳያጎነብሱ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ ከጉልበት ብድግ ቁጭ ማለት ራሱን የቻለ እንቅስቃሴ ነው፤ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከጎረምሶቹ ሲሚንቶ የሚያንስ አይደለም። ሽንት እንደመያዝ አድርጎ የዳሌ ወለልን ጡንቻ ማጥበቅና መልቀቅ ደግሞ ጡት እያጠቡም ይሠራል። ለአዋሽ ሸለቆ ግን ማስጠንቀቂያ አለው። የሕፃን አካል ከአዋቂው ቶሎ ይግላል፤ ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ፣ በተለይ አፋሮች ሐጋይ በሚሉት የሙቀት ወቅት፣ ይዞት መውጣት አይገባም። ጫማም ያስፈልገዋል፤ ሜዳውን የወረረው የፕሮሶፒስ እሾህ የጎማ ጫማ ይበሳል፣ የሕፃን እግርማ እንዴት ይችለዋል።

ይህን ሁሉ ብታውቅም እጅ ያስፈልጋታል። ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 እ.ኤ.አ. ልጇን ወልዳ በቀጣዩ ዓመት በሪዮ ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አጠለቀች። ደራርቱ ቱሉም ልጇን ወልዳ ከመጣች በኋላ ነው በሲድኒ 2000 ወርቁን የደገመችው። እነሱን ስናነሣ ጉልበታቸውንና ጽናታቸውን እናደንቃለን፣ ይገባቸዋልም። ነገር ግን አንዲት እናት ለልምምድ ስትወጣ ልጇን የያዘላት ሰው ቤት ውስጥ አለ። እሱን ማንም አይጠቅሰውም።

በአዋሽ አርባ ብዙ አባቶች ሹፌሮች ናቸው፣ ወታደሮች ናቸው፣ ለሳምንታት ቤት አያድሩም። ለዚህ አላማቸውም። ቤት የሚያድረውስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። ሕጉ ራሱ አባትን እንግዳ አድርጎ አስተናግዶታል፤ ብዙዎቻችንም እንግዳ ሆነን እንቀራለን። ማለዳ ለራሱ እርምጃ የሚወጣ አባት በሳምንት ሦስት ቀን ልጁን ይዞ ቢወጣ፣ ሚስቱ በሌሎቹ ቀናት ብቻዋን ብትወጣ፣ ከማንም የሚጎድል የለም። ባል የሌላት ወይም የራቀባት ደግሞ ጎረቤት አላት። ቡና በተራ የሚጠራሩ፣ ዕቁብ የሚጥሉ፣ ሐዘንና ደስታ የሚካፈሉ ሴቶች ሦስት ሆነው አንዷ ሦስቱን ልጆች ስትይዝ ሁለቱ ግማሽ ሰዓት ተራምደው ቢመለሱ፣ በማግሥቱ ተራው ይዞራል። ለዚህ ፈቃድ የሚጠየቅ ቢሮ የለም።

ቦታው ግን የጎረቤት ጉዳይ አይደለም፣ የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ነው። የአገራችን የከተማ ፕላን መርህ ከመሬቱ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። በዋናው መንገድ ላይ በተዘረጉት የአፋር ከተሞች ክፍት ቦታ ሞልቶ ይታያል፤ ጥላ ያለው፣ ከእሾህና ከጠርሙስ ስባሪ የጸዳ፣ ልጅ የሚለቀቅበት ግን እምብዛም ነው። የእግረኛ መንገድ ሊሆን የሚገባው የአስፋልቱ ዳር የተሳቢ መቆሚያ ሆኗል። ሰመራ ከዚህ ትብሳለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር በታች ያለች፣ ሙቀቷ የሚያስጨንቅ የክልል ዋና ከተማ ናት፣ ሰፋፊ መንገድ ተሠርቶላታል፣ እናት ከነልጇ በእግር የምትሄደው ግን ጥላ ካለ ብቻ ነው። ኒም በዚህ ሸለቆ ይጸድቃል፤ በየግቢው እናየዋለን። በእግረኛ መንገድ ዳር በሰልፍ ቢተከል ምን ያህል ሴቶችን ከቤት እንደሚያወጣ አስቡት።

በ2011 አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ብለው በወር አንድ እሑድ ጎዳናዎችን ለእግረኛ ሲከፍቱ ልጆች በአስፋልት ላይ ሲንከባለሉ አይተን ተደስተን ነበር። የጅቡቲውን መንገድ መዝጋት አይቻልም፣ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚያ ነው የሚያልፈው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን ይቻላል። የሠፈር ሜዳም ያስፈልጋል፤ ታኅሣሥ 2017 የፈንታሌና የዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ቤተሰብ ከነሕፃናቱ ሜዳ ላይ አድሯል። በስምጥ ሸለቆ ላይ ለተቀመጠ ከተማ በየሠፈሩ ክፍት ሜዳ መኖሩ ለክፉ ቀንም መጠለያ ነው፤ ያንኑ ሜዳ በደጉ ቀን ልጆች ይሮጡበት።

ሌላም እንቅፋት አለ፣ ሴቶቹ ራሳቸው የሚያነሡት። ሽርጥና ሒጃብ ለብሳ፣ ወይም በቀሚስ፣ በሹፌሮችና በጎረምሶች ፊት መሮጥ የሚከብዳት ብዙ ናት። አለባበሷን ትቀይር ማለት መልስ አይደለም። የምትፈልገው የተከለለ ግቢ ነው፣ እሱም አለ። የትምህርት ቤቶች ግቢ አጥር አለው፣ ሜዳ አለው፣ ዛፍ አለው፣ ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ደግሞ ባዶ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ለእናቶችና ለሕፃናት ቢከፈት፣ አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በወር አንድ ጊዜ ብቅ ብላ ከወሊድ በኋላ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ብታሳይ፣ ቀበሌው የሚያወጣው የጥበቃውን የትርፍ ሰዓትና የመጠጥ ውኃ ነው። በጀት የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። የግቢው ቁልፍ ርእሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ቀበሌው ሐጋይ ሳይገባ ደብዳቤውን ይጻፍላቸው።