አሁን ድንጋዩ ያበራል!

ዛሬ የምጽፈው ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እየተባሉ ስለሚቀጥሉ ታሪኮች ነው። በአጭሩ ቅሬታ ነው።

የአጎቴ ልጅ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ባለፈው ክረምት የሃሪ ፖተርን የመጀመሪያ ሁለት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ አመጣችልኝ። ደራሲዋ ጄ.ኬ. ሮውሊንግ ትባላለች። ታሪኩ ወላጆቹ የተገደሉበት ልጅ ሆግዋርትስ በሚባል የአስማት ትምህርት ቤት ሲማር ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ በአንድ ወር ጨረስኩት። መብራት ሲጠፋ በሻማ አነበብኩ፣ እናቴ ሻማውን ጨረስሽው ብላ ተቆጣችኝ። እንዲህ የወደድኩት መጽሐፍ የለም።

ከዚያ ሁለተኛውን ጀመርኩ። እንደገና ክረምት ነው፣ እንደገና አክስቱ ቤት ይሰቃያል፣ እንደገና ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተደበቀ አደገኛ ነገር አለ፣ እንደገና ልጁን ሰው አያምነውም፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ከቮልድሞርት ጋር ይገናኛል። ሦስተኛውንና አራተኛውን መጽሐፉን ስላጣን በአጎቴ ልጅ ላፕቶፕ ፊልሙን አየን። እዚያም ከክፉ አስማት መከላከልን የሚያስተምረው መምህር በየዓመቱ ይቀየራል፣ ሁሌም አንድ ጉድ አለበት። ኩይረል ጥምጣሙ ስር ቮልድሞርትን ደብቋል። ሎክሃርት ውሸታም ነው። ሉፒን ጨረቃ ስትሞላ ተኩላ ይሆናል። ሙዲ ደግሞ ጭራሽ ሙዲ አይደለም፣ ሌላ ሰው መልኩን ቀይሮ ነው። እኔማ ሦስተኛው ላይ አዲስ መምህር ሲገባ ገና ስሙን ሳይናገር ጠረጠርኩት። (ዘንድሮ አዲስ የመጡት የሂሳብ መምህራችን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም።)

ሌላው ደግሞ ልጆቹ ሕግ ጥሰው በሌሊት ይዞራሉ፣ በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ነጥብ ጨምረውላቸው ዋንጫ ይበላሉ። እኛ ጋ ቢሆን ወላጅ አምጡ ነበር የምንባለው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ተናደደ። "ሦስተኛው ላይ ቮልድሞርት የታለ? ነፍሰ ገዳይ የተባለውስ ሰውዬ ንጹሕ ሆኖ አልተገኘም?" አለኝ። እውነቱን ነው። አራተኛው ላይ ደግሞ ሴድሪክ የሚባለው ተማሪ ሲሞት ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ደራሲዋ ማስደንገጥ ከቻለች ለምን ያንኑ መንገድ ደጋግማ ታስኬደናለች? መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 ድረስ 7 ሆኖ ወጣ። ፊልሙ ደግሞ የመጨረሻውን መጽሐፍ ለሁለት ከፍለውት 8 ሆነ። በአገራችንም ይስማዕከ ወርቁ ከዴርቶጋዳ በኋላ ራማቶሓራንና ዣንቶዣራን አስከትሏል። ወንድሜ ሦስቱንም አንብቧል፣ እኔን ግን ገና ነሽ ብሎ አያስነካኝም። እና ስለነሱ አልፈርድም።

መጨረሻውን ማወቅ ብቻውን እንደማያሰለች ያወቅኩት በአያቴ ነው። አያቴ ቦዲቲ ናት። ለጊፋታ በዓል ስንሰበሰብ ማታ ማታ በወላይትኛ ተረት ትነግረናለች። ጅቡ ሁሌም ይታለላል። ከትንሹ ወንድሜ ጀምሮ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ሳትጨርስ ቡና ልታፈላ ብትነሳ እንጮህባታለን። ታዲያ ይሄ ለምን አልሰለቸኝም? ብዙ አሰብኩበት። አያቴ አዲስ ነገር አመጣሁ አላለችም። ጅቡም ጅብ ነው፣ አያድግም። ሃሪ ግን 11 ዓመቱ፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ እንደኔ 13 ይሆናል። አምና ልጁ እውነቱን ሲናገር ያላመኑት ትልልቅ ሰዎች ዘንድሮም አያምኑትም። እኔ 7ኛ ክፍል ሆኜ 5ኛ ክፍል የሠራሁትን ስህተት ብደግም መምህሬ ዝም ይሉኛል?

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት የምናነበውን "የዳሞታው ድንጋይ" የሚለውን ተከታታይ ድርሰት ታውቁታላችሁ። ከብት ጠባቂው ልጅ ዳሞታ ተራራ ላይ ጉም ውስጥ ይጠፋል፣ ጅብ ይመጣበታል፣ ኪሱ ያለው ድንጋይ ያበራና ጅቡ ይሸሻል። ክፍል አንድ ሲነበብ ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱት እንኳ ቆመው ሰሙ። ክፍል ሁለት ላይ ጅቦቹ ሁለት ሆኑ። ክፍል ሦስት ላይ አምስት ሆኑ። ማይኩን የያዘችው ልጅ "ጅቦቹም ከበቡት..." ስትል አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ከዛፉ ስር ተነስቶ "አሁን ድንጋዩ ያበራል!" ብሎ ጮኸ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ድንጋዩም አበራ። ምን ይደረግ፣ እንደዛ ነበር የተጻፈው።

ክፍል ሦስትን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሜ አልተነበበም እንጂ እኔ ነኝ። ስጽፈው ሰው የወደደውን ብደግም ይወዱታል ብዬ ነበር። አምስት ጅብ ከሁለት ጅብ ይበልጣል ብዬ አሰብኩ! ከሳቁት ይልቅ ያናደደኝ ያ ልጅ ትክክል መሆኑ ነው።

ክበባችን ክፍል አራት ይቀጥል ብሎ ወስኗል፣ ተራውም እንደገና ለእኔ ደርሷል። አንዳንዶቹ ጅቡ ይቅርና ዘንዶ ይግባ ይላሉ። ኧረ ዘንዶም ቢሆን ድንጋዩ ካበራ ያው ነው። እኔ ድንጋዩን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ላስወጣው ፈልጌያለሁ። ልጁ ሶዶ ገበያ ወርዶ ለእናቱ መድኃኒት መግዣ ይሸጠዋል። ከዚያ ጉሙ ይመጣል። እንዴት እንደሚወጣ እኔም እስካሁን አላውቅም። ያ የ5ኛ ክፍል ልጅ ይህን ካነበበ በእረፍት ሰዓት ወደ ክበቡ ክፍል ይምጣ፣ ረቂቁን ቀድሜ ለእሱ ማንበብ እፈልጋለሁ።