ማዘዣው ለሰልፈኛው አልተጻፈም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ልክ ናቸው። እኛም ከተረቱ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ተረቱን ያለቦታው ከሚያውሉት ጋር ነው። አበው በሽታህን አትደብቅ ሲሉ ለሐኪምህና ለመድኃኒተኛህ ንገር ማለታቸው እንጂ ባንኮኒ ተደግፎ ተራውን ለሚጠብቀው፣ በር ላይ ለተቀመጠው ጥበቃ፣ የሳል ሽሮፕ ልትገዛ ለመጣችው የእናትህ የዕድር ጓደኛ አውጅላቸው ማለታቸው አይመስለንም። ተረቱ «ተናገር» ይላል፤ «ለማን?» የሚለውን ግን ለእኛ ማስተዋል ትቶታል። የዛሬው ጨዋታችን በዚህች «ለማን?» ላይ ነው።

እስቲ ፋርማሲ ውስጥ የምንቆመውን አቋቋም አስታውሱት። ሰልፍ ይባላል እንጂ ብዙ ጊዜ ሰልፍ አይደለም። ባንክ ቤት ፊትና ኋላ ሆነን እንሰለፋለን፤ ፋርማሲ ውስጥ ግን እንደ ሰፈር ሱቅ ጎን ለጎን ነን። ሁላችንም ማዘዣችንን ይዘን ባንኮኒው ላይ እንደገፋለን፤ ቀድሞ እጁን የዘረጋ ቀድሞ ይስተናገዳል። ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመን ቆመን የራስን ወረቀት ከማንበብ የጎረቤትን ማንበብ ይቀላል።

ማዘዣዋ ደግሞ ዝም ብላ ወረቀት አይደለችም። መደበኛውን የመድኃኒት ማዘዣ ፎርም አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የካርድ ቁጥር፣ ስልክ፣ ከክልል ጀምሮ እስከ ቤት ቁጥር የሚወርድ አድራሻ፣ የሕመሙ ዓይነት፣ ከዚያም መድኃኒቱ። ከመታወቂያችን በላይ ስለ እኛ ትናገራለች። እንደ እውነቱ ከሆነ እስካሁን ገመናችንን የሸፈነልን የሐኪሞቻችን የእጅ ጽሑፍ ነው። ማንም ሊያነበው አይችልማ! ችግሩ ፋርማሲስቱ ማንበብ ይችላል፤ ያውም ጮክ ብሎ።

ከመካከላችን አንዷ (ስሟን አንጠራም፤ የጽሑፋችንን ርዕስ እናከብራለን) በቅርቡ የታዘዘላትን ይዛ አንድ ፋርማሲ ገባች። የቱ ፋርማሲ እንደሆነ ይቅር። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ባለሙያ ሥራዋን የምታውቅ፣ ፊቷ የማይጠቁር ሴት ናት። መድኃኒቱን አመጣች፣ ሳጥኑን ከፈተች፣ ማስረዳት ጀመረች። «የኔ እህት፣ ይሄ የፈንገሱ ነው። የሚዋጥ አይደለም እሺ? ማታ ስትተኚ ነው የምታስገቢው። ባለትዳር ነሽ?»

በባንኮኒው ዙሪያ የነበረው ሳል ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ። አንድ ጎልማሳ ስልካቸውን ማየት ትተው ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። ሁለት ጎረምሶች ደግሞ ወደ ጣሪያው አላዩም። ጓደኛችን «አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ» ብላ ከፍላ ወጣች። አታውቀውም ነበር። ለስንት ሌሊት እንደሆነ፣ አንድ ሌሊት ቢዘለል ምን እንደሚደረግ፣ ባለቤት ካለ እሱም መታከም ይኖርበት እንደሆነ ሳትሰማ ነው የወጣችው። የመድኃኒቱን ዋጋ ሙሉውን ከፍላ ምክሩን እዚያው ጥላው መጣች ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ፋርማሲስቷ የተናገረችው በሙሉ መነገር የነበረበት ነው። የቸኮለ ሰው «ታዲያ ምንም ሳይጠይቁ መድኃኒቱን ይስጡን» ይል ይሆናል። እኛ አንልም። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱ ወደ ሰውነታችን ከመግባቱ በፊት የመጨረሻው ተመልካች ነው። ነፍሰ ጡር መሆናችንን፣ ማጥባታችንን፣ ሌላ መድኃኒት መውሰዳችንን መጠየቅ አለበት። ለምሳሌ ለሚጥል በሽታ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ቫልፕሮየት ጽንስን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ስለዚህ ይህን የምትወስድን ወጣት ስለ እርግዝና መጠየቅ ነገር መፈለግ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ግን በአሥር ጆሮ ፊት ሲጠየቅ ማን እውነቱን ይመልሳል? በሰው ፊት የተጠየቀ የጓዳ ጥያቄ የውሸት መልስ ያገኛል። ፋርማሲስቱም በዚያ የውሸት መልስ ላይ ተመሥርቶ መድኃኒቱን ይሰጣል። ለዚህ ነው ምስጢር መጠበቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም የምንለው። የሕክምናው አካል ነው። ልክ እንደ ክኒኑ መጠን።

ጉዳዩ የማፈር ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ደግሞ ስለ ፖስትፒል እናውራ። (አዎ፣ እናውራ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።) ይህ ክኒን ጥንቃቄ ከጎደለው ግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ ያለበት ነው፤ በቶሎ በተወሰደ ቁጥርም የመሥራት ዕድሉ ከፍ ይላል። አሁን አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ሰፈሯ ያለው ፋርማሲ በር ላይ ደርሳ ውስጡ ሰው እንዳለ አየች እንበል። ትመለሳለች። ማስቲካ ገዝታ ትዞራለች። እስኪመሽ ትጠብቃለች። ወይ ደግሞ ማንም ወደማያውቃት ሰፈር ሁለት ታክሲ ይዛ ትሄዳለች። እያንዳንዷ ሰዓት የምትቆጠርበት መድኃኒት ነው። ሰዓቱን የሚበላው ግን ዋጋው ወይም የመድኃኒቱ መጥፋት ሳይሆን የባንኮኒው ዓይን ነው።

የኤችአይቪ መድኃኒትንም እንውሰድ። በአገራችን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያ ቀን ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች የሕይወት ቀን ነበር። ዋጋው ቀረ። ዓይን ግን አልቀረም። አጠገባቸው ያለውን ጤና ጣቢያ ትተው ራቅ ያለ ሆስፒታል የሚመላለሱ፣ የክኒኑ ብልቃጥ ቦርሳ ውስጥ እንዳይንኳኳ ጥጥ የሚወትፉበት፣ ማሸጊያውን መንገድ ላይ ጥለው ወደ ቤት የሚገቡ ሰዎች ታሪክ አዲስ አይደለም። በየዕለቱ ሊወሰድ የሚገባውን መድኃኒት ለማምጣት የአንድ ቀን መንገድ የሚያስኬድ ፍርሃት ካለ፣ አንድ ወር የትራንስፖርት ብር የጠፋ ዕለት ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱትማ ነገራቸው ይብሳል። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የሚታዘዙት በተለየ ማዘዣ ስለሆነ ወረቀቷን ከሩቅ አይቶ «እ...» የሚል ሰው አይጠፋም።

«እኛ እኮ ተካፍለን የምንኖር ሕዝብ ነን፣ ምስጢር ምስጢር ማለት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉንም አሉ። አይደለም። ገመና የሚለው ቃል ከማንም የተዋስነው አይደለም። «ገመናዬን ሸፍንልኝ» ብሎ የሚጸልይ ሕዝብ ምስጢርን ከፈረንጅ አልተማረም። ታሞ መጠየቅ ደግ ነው፤ ጎረቤት ብርቱካን ይዞ «እግዜር ይማርሽ» ሲል ግማሹ ሕመም ይቀላል። ግን ያ ጎረቤት የመጣው ተነግሮት ነው። ባለቤቱ የፈለገውን ያህል፣ ለፈለገው ሰው ነግሯል። መናገርና መነበብ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ሰጪ ያደርገናል፤ ሁለተኛው የተሰረቀ ያደርገናል።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕጉ አልተኛም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ደንግጓል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ሲዘረዝር ሐኪምና ነርስ ብሎ አልቆመም፤ ፋርማሲስቱንም በስም ጠርቶታል። ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚገባቸው መረጃዎች ጋር መድቦታል።

ታዲያ ምን ጎደለ? አንደኛ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ የሚንቀሳቀሰው ተበዳይ ሲያመለክት ነው። ምስጢሩ የወጣበት ሰው ደግሞ ለማመልከት ያንኑ ምስጢር ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሊሰለፍ ነው። ማን ያደርገዋል? ሁለተኛ፣ ይኸው አንቀጽ የሚያስበው ምስጢር አውቆ የሚያወጣን ሰው ነው። የእኛ ፋርማሲስት ግን ማንንም ልታጋልጥ አላሰበችም። ክፍሉ ጠቧት፣ ሰው ተደርቦባት፣ በመስታወቱ ቀዳዳ ድምፅ አልሰማ ብሏት ነው የጮኸችው። ምስጢራችን የሚወጣው በክፉ ሰው ሳይሆን በክፉ አቀማመጥ ነው። ለክፉ አቀማመጥ ደግሞ መድኃኒቱ ዳኛ አይደለም። አናጺ፣ ቀለም ቀቢና ትንሽ ሐሳብ ይበቃል።

«ቦታ የለንም፣ በጀት የለንም» እንዳትሉን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ጊዜ ምን እንዳደረግን ሁላችንም አንረሳም። በየፋርማሲው፣ በየባንኩ፣ በየታክሲ ተራው መሬት ላይ ምልክት ተቀባ። «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» ተባልን፤ ራቅ ብለን ቆምን። ጥቂት ቀለም ነው የፈጀው። ያ ቀለም ዛሬ በየቦታው ለቋል፤ እኛም ተመልሰን ተጣብቀናል። ከቫይረስ የጠበቀን ያው ሁለት እርምጃ ከወሬም ሊጠብቀን ይችል ነበር። ኤቲኤም ላይ እንኳን ከፊታችን ያለው ሰው ቁጥሩን ሲመታ ዞር እንላለን፤ ለአምስት መቶ ብር ዞር የሚል ሕዝብ ለሰው ገመና ዞር ማለት አያቅተውም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ፋርማሲዎች ሆይ፤ ባንኮኒው ፊት አንድ መስመር ይሰመር፣ ከመስመሩ ወዲህ አንድ ሰው ብቻ ይቁም። ማዘዣዎች ባንኮኒው ላይ ተዘርግተው አይደርደሩ፤ ይገልበጡ። የሕመሙን ስም መጥራት የግድ ካልሆነ አይጠራ፤ «ይሄኛው ማታ፣ ይሄኛው ጠዋት» ማለት ይበቃል። የቀረው በፖስታው ላይ ይጻፍ። ረዘም ያለ ምክር ለሚፈልግ ከባንኮኒው ጫፍ አንድ ጥግና አንድ ወንበር አይጠፋም። መድኃኒቱ ውስጡ በማይታይ ነገር ተጠቅልሎ ይሰጥ፤ የላከችው እህት ወይም እናት ብትሆንም የተላከው ልጅ ማወቅ የለበትም።

እኛ ታካሚዎችስ? «እባክዎ፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» ወይም «ወደ ጥግ እንነጋገር» ማለትን እንልመድ። ነውር አይደለም። ጥያቄያችንን ስልካችን ላይ ጽፈን ማሳየትም ይቻላል። ከፋርማሲው ውጭ ያለውንም ባንኮኒ አንርሳው። መድኃኒት በጠፋ ቁጥር ማዘዣውን ፎቶ አንስተን «ይህን የት አገኛለሁ?» እያልን ቴሌግራም ላይ የምንለቀው እኛው ነን። የአባታችን ስም፣ ስልክና የሕመማቸው ዓይነት ከመድኃኒቱ ስም ጋር አብሮ ይጓዛል። የመድኃኒቱ ስምና መጠን ብቻ ይበቃል፤ ጽፎ መላክ ነው። ፎቶ የግድ ከሆነም ሌላውን መሸፈን ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ምንጭን መጠበቅ ነበር። ምንጩ ያመነው ጋዜጠኛውን ነው፤ ካጋለጠው ነገ ማንም አይነግረውም። ታካሚም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን በሰው ፊት የተነበበ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል። ያኔ ነው የአበው ተረት በእውነት የሚፈጸመው፤ በሽታውን ይደብቃል፣ መድኃኒትም አይኖረውም። ያስደበቅነው ግን እኛ ነን።

መስመሩ እስኪሰመር ድረስ ቀለም የማይፈልግ ሥራ አለን። ከፊታችን ያለው ሰው ማዘዣውን ሲዘረጋ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ወደ ኋላ። ከነገ ጀምሮ።

ቸር ይግጠመን!