የተማረ ሲባል መቼ የተማረ ነው?

ከሕዝባችን አፍ ከማይጠፉት አባባሎች አንዱ «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው ነው። አባቶቻችን ይህን ሲናገሩ ለዕውቀት ያላቸውን ክብር መግለጻቸው ነበር። እኛ ግን በዛሬው እሑድ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ጥያቄ ልናቀርብላችሁ እንወዳለን፤ የተማረ ሲባል መቼ የተማረ ነው? ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ዲግሪውን ተቀብሎ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ አዋጅ ገልጦ ያላነበበ ሰው ዛሬም የተማረ ይባላልን? ጥያቄው ለማንኛውም ሙያ የሚስማማ ቢሆንም፣ ዛሬ የምናነሣው በመንግሥት ስም ፍርድ ቤት ስለሚቆሙት ስለ ዐቃቤ ሕግና ስለ ነገረ ፈጅ ነው።

እንደሚታወቀው የአገራችን ሕግ በአንድ ቦታ ቆሞ የሚቀር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ቦታውን ለአዲሱ የወንጀል ሕግ ለቋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም በ2013 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። እነዚህ እንኳ ረጅም ዕድሜ ያገኙ ሕጎች ናቸው። በሰው የመነገድን ወንጀል ለመከላከል በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ግን አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተሽሯል። እንግዲህ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀ አንድ ዐቃቤ ሕግ ከሁለቱ አዋጆች አንዱንም በትምህርት ቤት አላገኘውም። ከነጋሪት ጋዜጣው ሌላ ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ሆኖ፣ የውሳኔዎቹ ስብስብ ከሃያ ቅጽ በላይ ደርሷል። ይህን ሁሉ የማይከታተል የሕግ ሰው በእጁ የያዘው የትናንት ሕግ ነው።

ይህ ነገር የቢሮና የወረቀት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ወደ አዊ ዞን በሐሳቡ ይጓዝልን። በጥርባ የሚኖር አንድ ገበሬ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ተፈለገ እንበል። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ለዘለቄታው የሚፈናቀል ባለይዞታ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሣ፣ ከመፈናቀሉ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው የዓመት ገቢ አማካይ በዐሥር ተባዝቶ ነበር። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው በዐሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። የገበሬው አማካይ ገቢ 30 ሺህ ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ 40 ሺህ ብር ቢሆን፣ በፊተኛው ስሌት 300 ሺህ ብር፣ በኋለኛው 600 ሺህ ብር ይደርሰው ነበር ማለት ነው። ይህም አዋጅ ራሱ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ተደርጎበታል።

አሁን የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ የፊተኛውን ብቻ የተማረ ሆኖ በዚያው ቢከራከር ምን ይደርሳል? ገበሬው ወይ የቤተሰቡን ኑሮ ግማሽ ያጣል፣ ወይም መብቱን ለማስመለስ ከጥርባ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ባሕር ዳር ሲመላለስ የእርሻው ወራት ያልፍበታል። መንግሥትም ቢሆን አይጠቀምም፤ በይግባኝ የሚፈርስ ክርክር ለመንግሥት ወጪ ነው፣ ሕዝቡም በመንግሥት ላይ ያለውን እምነት ይቀንስበታል።

በወንጀል ነገር ሲሆን ጉዳቱ ከገንዘብም ያልፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 22፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ የወጣ ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ከሆነ እንዲሠራበት ያዝዛል። አዲሱን ሕግ ያላነበበ ዐቃቤ ሕግ ግን ለተከሳሹ የሚጠቅመውን ከየት ያመጣል? ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ድኻ ተከሳሽ ሲቀርብለት፣ የዐቃቤ ሕጉ አለማወቅ የተከሳሹ እስራት ይሆናል። በሌላ ወገንም በተሻረ አንቀጽ የቀረበ ክስ በመቃወሚያ ሲወድቅ፣ ተበዳዩ ዕንባውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ይህ ነው፤ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ ይቅርታ እንደማያሰጥ ይደነግጋል። ይህ ቃል የሚጸናው ፊደል ባልቆጠረውም ገበሬ ላይ ነው። ሕግን አላወቅህም ብሎ ገበሬውን የሚቀጣ መንግሥት፣ የራሱ ዐቃቤ ሕግ ሕጉን ሳያውቅ ሲቀር በምን ቃል ይቅር ይለዋል? ሚዛኑ ለሁለቱም እኩል መሆን ይገባዋል።

ሌሎች አገሮች ይህን አስቀድመው ተረድተውታል። በአሜሪካ የሚኔሶታና የአዮዋ ግዛቶች እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1975 የሕግ ባለሙያ በየጊዜው እንዲማር ግዴታ አድርገዋል። በፊሊፒንስ በየሦስት ዓመቱ 36 ሰዓት መማር ይጠየቃል። በፈረንሳይም ዳኛውና ዐቃቤ ሕጉ በዓመት አምስት ቀን ለትምህርት እንዲያውሉ ሕግ ያዝዛቸዋል።

እኛም ብንሆን ከባዶ የምንጀምር አይደለንም። የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ በማታው ክፍል በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሕግ እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። ዛሬም ባሕር ዳር ላይ የክልሉ የፍትሕ ባለሙያዎች ማሠልጠኛና የሕግ ምርምር ኢንስቲትዩት አለ። በፌዴራል ደረጃም በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አዋጅ ጠበቆች ተከታታይ የሕግ ሥልጠና እንዲወስዱ ያደርጋል። ለደንበኛው የሚከራከረው ጠበቃ ይማር ከተባለ፣ ለሕዝብ የሚከራከረው ዐቃቤ ሕግማ ይልቁንም መማር ይገባዋል።

«ሥልጠና ሞልቷል፤ ትርፉ አበል መቁጠር ነው» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ነቀፌታቸው ከንቱ ነው አንልም። በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ትልቅ ከተማ ተጉዞ፣ ሦስት ቀን በአዳራሽ ተቀምጦ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ መመለስ ትምህርት አይደለም። ዳሩ ግን የትምህርቱ አሰጣጥ ተበላሽቷል ብሎ ትምህርቱን መተው፣ ወጡ ስለ ከረረ ምሳ ይቅር እንደ ማለት ነው።

በበኩላችን የምንለው ቀላል ነው። አንደኛ፣ በየዞኑና በየወረዳው የፍትሕ ጽሕፈት ቤት በሳምንት ግማሽ ቀን ከሥራው ሰዓት ተቈርጦ፣ ባልደረቦች አዲሱን ነጋሪት ጋዜጣ፣ የክልሉን ዝክረ ሕግና የሰበር ውሳኔዎችን አብረው ያንብቡ፤ ለዚህ አበልም መኪናም አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ በይግባኝ የተሸነፉባቸው መዝገቦች ይሰብሰቡና ለምን እንደተሸነፉ በግልጽ ይመርመሩ፤ ከድል ይልቅ ሽንፈት ያስተምራልና። ሦስተኛ፣ መምህራኑ ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ ይውረዱ እንጂ፣ ተማሪዎቹ ሁልጊዜ ወደ መምህራኑ አይውጡ። አራተኛና ዋነኛው፣ በሥራ ላይ የተማረው ትምህርት በግል ማኅደሩ ተመዝግቦ ለዕድገት ይቈጠርለት፤ የማይቈጠር ድካም ውሎ አድሮ ይተዋልና። መጻሕፍቱንና ጊዜውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሳይሰጥ ግን ሠራተኛውን አላነበብህም ብሎ ሊወቅሰው አይችልም።

እናንተ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶች፣ በምርቃት ቀን የምትቀበሉት ወረቀት እስከዚያ ቀን ድረስ የተማራችሁትን ብቻ የሚመሰክር መሆኑን አትዘንጉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚመሰክረው በፊታችሁ ቆሞ ፍርድ የሚጠብቀው ሰው ነው። እርሱ ዲግሪያችሁን አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ዛሬ በሚሠራበት ሕግ እንድትከራከሩ ነው። እናንተም ወጣት ዐቃብያነ ሕግ፣ በጠረጴዛችሁ ላይ ሳይገለጥ የተቀመጠ አዋጅ ካለ፣ ነገ ማለዳ ችሎት ከመግባታችሁ በፊት ግለጡት።