የራሴ ልጆች ናቸው

ወይዘሮ አበበች ጎበና ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም በኮቪድ ምክንያት በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ የሐዘን መግለጫው ሁሉ «አፍሪካዊቷ ማዘር ቴሬዛ» እያለ ሸኛቸው። ስሙን ያወጡላቸው ሰዎች በጎ አስበው ነው። እኔ ግን ያኔም አልተዋጠልኝም፤ ዛሬም አልለመድኩትም። ማዘር ቴሬዛ በወጣትነታቸው የመነኮሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ከኋላቸው የቆመችላቸው ሴት ናቸው። ወይዘሮ አበበች ደግሞ ባል፣ ቤትና የወር ደመወዝ የነበራቸው የአዲስ አበባ ባለትዳር ነበሩ። ሦስቱንም ለልጆቹ ሲሉ ነው ያጡት። ከውጭ በመጣው ስም ስንጠራቸው የከፈሉት ነገር ከዓይናችን ይሰወራል።

ነገሩ የጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ ነው። ዓለም የዚያን ዘመን ረሀባችንን በቴሌቪዥን ያየው በ1977 ዓ.ም ነው፤ እሳቸው ዓመታት ቀድመው በመንገድ ዳር አይተውታል። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አጋጠማቸው። በእጃቸው የነበረው ስንቅ የሚሆን ዳቦና ጠበል ነበርና እሱን ለተራቡት አካፈሉ፤ ሕፃኑን ግን ትተውት መሄድ አልቻሉም። በማግሥቱ ምግብና ውኃ ይዘው ሲመለሱ ደግሞ ሞት አፋፍ ላይ የነበረ አባት የራሱን ልጅ አደራ ሰጣቸው።

ወይዘሮ አበበች በኋላ እንዳወሩት፣ የዚያ ዘመን መንግሥት ረሀቡ እንዲሰማ አይፈልግም ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ልጆች ይዘው ለመውጣት የራሳቸው እንደሆኑ ማስመሰል ነበረባቸው። ከዚያ ረጅም ሕይወት ውስጥ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚይዘኝ ይህ ነው። እነዚያን ልጆች ለማሳለፍ ብለው የተናገሩትን ነገር ከአርባ ዓመት በላይ እውነት ሲያደርጉት ኖሩ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ለዘመድ ወይም ለቀበሌ አስረክበው ወደ ሥራቸው ቢመለሱ ማን ይወቅሳቸው ነበር? አደራ የተቀበለች ሴት ግን ልጅን እንደ ዕቃ አታስረክብም።

ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። እንጀራ ጋግራ የምታውቅ ሴት ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገራት ታውቀዋለች። ሊጡ ሌሊት መቦካት አለበት። ማገዶ ያልቃል፣ ውኃ ይጠፋል። አንዱ ልጅ ሲያተኩሰው ሌላው ያስታውከዋል፤ ከሞት አፍ የወጣ ሕፃን ደግሞ ጠግቦም እያለ ዳቦ ይደብቃል፣ ሌሊት እየባነነ ያለቅሳል። በባለቤታቸው ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። መጀመሪያ ላይ ደግፏቸው እንደነበር ይነገራል፤ ቤቱ ሲጠብ ግን ከልጆቹና ከትዳሩ አንዱን እንዲመርጡ ተጠየቁ። መረጡ። ልጆቹን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ቆሎ ቆልተው፣ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ነው ያሳደጓቸው። በቡናና እህል ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ደመወዝ ስትቀበል የኖረች ሴት ወደ ጉልት መውረዷ ለሰው ዓይን ውርደት ይመስላል። በዚያ ቆሎ የጠገቡት ልጆች ግን ዛሬ የቤተሰብ ኃላፊ ናቸው።

እኚህ ሴት ራሳቸው ያለ አባት ያደጉ ናቸው። በሰሜን ሸዋ፣ ሸበል አቦ በምትባል መንደር ጥቅምት 1928 ዓ.ም ሲወለዱ፣ ጣሊያን ወረራውን ከጀመረ ገና ሳምንታት ነበር። አባታቸው በዚያው ጦርነት ተገደሉ። እስከ 9 ዓመታቸው ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው። ከዚያ ሳይጠየቁ በ10 ዓመታቸው ተዳሩ፤ ከዚያ ትዳር ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 18 ያደረገው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም ነው። ወይዘሮ አበበች ያን ጊዜ 64 ዓመታቸው ነበር። እሳቸው ያላገኙት ጥበቃ ላሳደጓቸው ሴቶች ልጆች ደረሰ።

በኋላ በስማቸው የተቋቋመው ማኅበር ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ለወጣቶች ሙያ አስተማረ፣ ለሴቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ዘረጋ። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በእጁ አልፈዋል። ያ ሁሉ ይመሰገናል፣ በየቦታውም ተጽፏል። እኔ የምመለሰው ግን ወደ አያቶቹ ነው። አበበች የምትባልን ሕፃን የታቀፉት የሸበል አቦ ሽማግሌዎች ማኅበር አልነበራቸውም፣ ስማቸውንም የሚጠራ የለም። እነሱ ባያሳድጓቸው ኖሮ ግን ግሸን መንገድ ላይ ያን ሕፃን የሚያነሳ እጅ ላይኖር ይችል ነበር።

እንዲህ ያሉ አያቶች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በየግቢው ሲገባ፣ ልጆቻቸውን ቀብረው የልጅ ልጆቻቸውን እንደገና ከጡጦ የጀመሩ አሮጊቶችን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሦስት የልጅ ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ እናት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ምስር መልቀም ሲያቅታቸው ትልቋ ልጅ እየለቀመች፣ ታናሾቿ ደብተራቸውን ጮክ ብለው እያነበቡላቸው ያመሹ ነበር። ጎረቤት «እግዜር ይስጥዎ» ይላቸው ነበር፤ ከልቡ ነው የሚለው። ወር ሲደርስ ግን የእድር መዋጮ እንደማንኛውም አባል ይጠየቃሉ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ «ወላጅ ይምጣ» ይባላሉ።

ሴትን ሰማይ ካደረስናት በኋላ ሸክሟን መካፈል ይቀርብናል ብዬ የምሰጋው ለዚህ ነው። ቅድስት ናት ካልን፣ ማገዶ ማን ገዛላት ብለን አንጠይቅም። ወይዘሮ አበበችን እንደ ሰው ካየናቸው ግን ጥያቄው ይከተለናል፤ ቤት ሲጠባቸው ጎረቤት የት ነበር? ቆሎውን ማን ገዛ? ደመወዛቸው ሲቀር የጎደለውን ማን ሞላ?

ያኔ በኤች አይ ቪ ዘመን አንዳንድ እድሮች ጥሩ ነገር አድርገዋል። ገንዘቡ ለቀብር ብቻ አይሁን ብለው ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ አስታመሙ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደጎሙ። ያ ልማድ በየቦታው እንዲመለስ እፈልጋለሁ። የእኛ እድር በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ነገር እንዲወስን አመለክታለሁ፤ ወላጅ ያጡ የልጅ ልጆችን የሚያሳድጉ አያቶች ከወርሃዊ መዋጮ ነፃ ይሁኑ፤ ሐዘን ሲደርስባቸው ግን እንደ ሙሉ አባል ይደረግላቸው። በየመስከረሙም ለእነዚያ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛ ገንዘብ ከካዝናው ይመደብ። የእድሩ ዳኛ ተቃውሞ እንደሚኖር ነግረውኛል። የሚቃወም ካለ በስብሰባው ይነሳና ለእነዚያ አያቶች ፊት ለፊት ይንገራቸው።