«አባቴ እረኛ ናቸው» ብዬ ልናገር?

«ፍቅረኛዬና የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ የጎፍ ተራራን እንውጣ ብለው ቆርጠዋል። መንገዱ በከሚሴ ነው። አባቴ እዚያ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከብት በማርባት ነው። እኔ ግን ለፍቅረኛዬ ‹ነጋዴ ናቸው› ብዬዋለሁ። ዝም ብዬ ልለፍ? ምን ይሻለኛል?» ስትል አንዲት የአዲስ አበባ አንባቢያችን ጽፋልኛለች።

እህቴ፣ አብሽሪ! (በአገርሽ ቃል ልጀምር ብዬ ነው።) «ልለፍ» ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። 325 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የአባትን ደጅ በመኪና ሽው ብሎ ማለፍ? ኧረ ተይ!

ለመሆኑ የምትወጡት ምን ላይ ነው? የጎፍ ከኮምቦልቻ በላይ ያለ ደናም ተራራ ነው፤ ጥድና ወይራ አለው። ጫፉ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። ከተማዋ 1850 አካባቢ ስለሆነች ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ መቧጠጥ አለ። በስኒከር ለምትዘንጡት ወዮላችሁ! ከሥሩ ያለው ቦርከና ወርዶ ወርዶ የጨፋን ሜዳ ያረሰርስና አዋሽ ይገባል። በጋው ሲበረታ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመላቸውን ነድተው ጨፋ የሚሰፍሩት ለዚያ ውሃና ሣር ብለው ነው። ይህን ለጓደኞችሽ ከአባትሽ የተሻለ ማን ያስረዳል?

ለፍቅረኛሽ እውነቱን ከጉዞው በፊት ንገሪው፤ ለብቻችሁ ሆናችሁ። መኪና ውስጥ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ አይሆንም። እኔ የምፈራው የእሱን ንቀት አይደለም። ቡናው ቀርቦ፣ ልጁ በቅንነት «አባባ፣ ንግድ እንዴት ነው?» ቢላቸውስ? ያኔ ልጃቸው እንዳፈረችባቸው በእንግዳ አፍ ሊሰሙ ነው። «እረኛ» የሚለውን ሰምቶ ፊቱን ካጨማደደ ደግሞ፣ ከቀለበት በፊት ማወቅሽ ደግ ነው።

ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፤ ጭቃ ነው። ጥቅምት ወይ ኅዳር ይሁን። አርብ ከሚሴ እደሩ። ቡናው ሦስት ዙር ነውና «ቸኩለናል» አትበሉ። ቅዳሜ ማልዳችሁ ተራራውን ውጡ፤ ደኑ ውስጥ እሳት እንዳትለኩሱ። እሑድ ስትመለሱ የሰንበቴ ገበያ አለላችሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ግን ለአባትሽ ደውዪ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ደርሶ ነበር፤ የዚያን መንገድ ሰላም አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ መገመት አይቻልም። እሳቸው «ቆዩ» ካሉ፣ ቆዩ።