ከግዕዝ ፊደል ሲደርስ ዝም የሚለው ስልክ

አካል ጉዳተኛን የምናስብበት መንገድ፣ በአዲስ አበባም ሆነ እኔ በምኖርባት በጅቡቲ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍና ከመስጊድ በር ብዙም ያልራቀ ነው፤ እጅ ይዘረጋል፣ ሳንቲም ይወድቃል፣ መጽዋቹም ኅሊናው ረክቶ መንገዱን ይቀጥላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 የአካል ጉዳተኞች ቀን እንዲሆን የወሰነው ዲሴምበር 3 በደረሰ ቁጥር ንግግር ይደረጋል፣ ነጭ በትርና ተሽከርካሪ ወንበር ይታደላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። በትሩም ወንበሩም የሚያስፈልጉ መሆናቸውን የሚክድ የለም። እኔ የምቃወመው፣ ይኸው የምጽዋት ልማድ ወደ ስልኩና ወደ መልእክቱ ዓለም ተሻግሮ፣ ሰው በገዛ ገንዘቡ በገዛው መሣሪያ በገዛ ልሳኑ ለመነጋገር መሻቱን እንደ ልመና፣ መሣሪያውን አሟልቶ መሥራትንም እንደ ትሩፋት ማስቈጠሩን ነው።

ነገሩን በቅርብ ያየሁት ባለፈው ሐምሌ፣ የኸምሲን ነፋስ ከተማውን እንደ ምጣድ ባጋለበት ቀን፣ ካርቲየ 2 ውስጥ ከአንዲት ሻይ ቤት ጥላ ሥር ከአንድ የወሎ ተወላጅ ዓይነ ሥውር ጋር ተቀምጬ ሳለ ነው። ስልኩ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፤ ጣቱን ባንሸራተተ ቁጥር በውስጡ ያለው ድምፅ የነካውን ሁሉ በፈረንሳይኛ ይነግረዋል፤ ሰዓቱን፣ የባትሪውን ኃይል፣ የደዋዩን ስም። ፈረንሳይኛውን እዚሁ ከተማ በጆሮው ብቻ የለቀመው ነው። ለእናቱ ገንዘብ ሊልክ የአንድ ድርጅት መላኪያ ሲከፍት ግን ድምፁ «ቡቶን» አለ፤ ጣቱን ዝቅ አደረገ፣ «ቡቶን»፤ ወደ ቀኝ ወሰደ፣ «ቡቶን»። የትኛው የሚልክ፣ የትኛው የሚሰርዝ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የሠራው ሰው ሥዕል ሥሎበት ለሚያይ ዓይን ከበቃ ይበቃል ብሎ ስም ሳይሰጠው አልፏልና። ቀጥሎ ከእኅቱ የመጣውን የአማርኛ መልእክት ነካ። ስልኩ ዝም አለ። የፈረንሳይኛው ድምፅ የግዕዝ ፊደል ስለማያውቅ ምንም እንዳልተጻፈ ቈጥሮ ዘለለው። ሰውየው ስልኩን ወደ እኔ ዘርግቶ «ጋሼ፣ እስቲ ድምፅዎን ዝግ አድርገው ያንብቡልኝ» አለኝ። ዙሪያችንን ሰዎች ነበሩ፤ መልእክቱም ስለ ቤተ ሰብ ጠብ የሚናገር ነበርና፣ እርሱ ከባዕድ አፍ ሊሰማው የማይገባውን፣ እኔም ላውቀው የማይገባኝን ነገር አነበብሁለት።

ይህ የሆነው ሽቦ በሌለበት በረሃ ቢሆን ኖሮ ባላማረርሁ። ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚመጣው ኢሲ የተባለው የባሕር ውስጥ ገመድ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ፣ ከሆንግ ኮንግ እስከ ፈረንሳይ 25,000 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው ገመድ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የሚያርፉት በዚህችው ከተማ ነው፤ የኢትዮጵያም ኢንተርኔት ከፊሉ በዚሁ በኩል ያልፋል። አህጉራትን የሚያነጋግር ብርሃን ከዚያ ዓይነ ሥውር እግር በታች እያለፈ፣ የእኅቱ ደብዳቤ ግን ከእጁ መዳፍ ላይ ቀርቶበታል።

መገልገያውን የሚሠሩና የሚሸጡ ሰዎች ምክንያቱን ሲጠየቁ አዘውትረው የሚሰጡት መልስ «ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ወጪው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ለብዙኃኑ ይዳረስ» የሚል ነው። ይህ መልስ የታሪክም የሒሳብም ስሕተት አለበት። ስልክን የፈለሰፈው ግራሃም ቤል እናቱም ሚስቱም መስማት የተሳናቸው፣ ራሱም መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምር ሰው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የጽሕፈት መኪናዎች አንዱን ኢጣሊያዊው ቱሪ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ የሠራው ማየት ለተሳናት ወዳጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ጽሑፍን በስልክ መስመር ማስተላለፍ የቻለው ቫይትብሬኽትም ራሱ የማይሰማ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ብዙኃኑ ዛሬ የሚጠቀምበት ጥበብ ከጥቂቶቹ ችግር የተቀዳ ሲሆን፣ ጥቂቶቹን ከገዛ ምንጫቸው ማራቅ ግፍ ነው። ስለ ወጪውም ቢሆን፣ ኤንቪዲኤ የተባለውን፣ በኮምፒዩተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ ሁለት ዓይነ ሥውራን አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ2006 ጀምረው ለዓለም በነፃ ሰጥተዋል፤ ለአንድ ቡቶን «ላክ» የሚል ስም መጻፍ ደግሞ የሚፈጀው የአንድ ቃል ድካም ነው።

የእኛው የቅኔ ቤት በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። ጉባኤው በቃል የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ዓይነ ሥውሩ ተማሪ ቅኔውን በልቡ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ዜማውን በጆሮው ያጠናል፣ ሲበረታም ራሱ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል፤ ስለ እርሱ ሲባል የተለየ ሥርዓት ያወጣ የለም፤ ሥርዓቱ ሲመሠረት ለእርሱም ክፍት ነበርና። ያው ቤት ግን መስማት ለተሳነው ፈጽሞ ዝግ ነበር። ሰው የሚሰናከለው በአካሉ ብቻ ሳይሆን ሌሎች በሠሩት ሥርዓት ጭምር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

ዛሬም ያው ዝግ ቤት በሌላ መልክ ተሠርቷል። በጅቡቲ ያለ የአገራችን ሰው ወሬውን የሚለዋወጠው በኢሞና በዋትስአፕ በተቀዳ ድምፅ ነው፤ የማትሰማዋ ሴት ግን በምልክት ቋንቋ ለመነጋገር በምስል መደወል አለባት፤ ምስሉም ከድምፅ ይልቅ ብዙ ኢንተርኔት ይበላልና፣ የኢንተርኔት ዋጋ ለእርሷ የመናገር ዋጋ ነው። ታሪፍ የሚያወጡ ሰዎች ይህን አስበውት ያውቁ ይሆን?

ወደ ፊደላችን ልመለስ፤ እዚህ ላይ ጥፋቱን በፈረንጅ ኩባንያ ላይ ብቻ መጣል አይቻልምና። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ የራሱን ቁጥር አግኝቷል፤ ኢስፒክ የተባለው ነፃ ድምፅም እንደ ብረት በደረቀ አነጋገር ቢሆን አማርኛ ያነባል። የሚያነብበው ግን በትክክል አይደለም፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ «ይበላል» የሚለውን ሲያገኝ ሰውየው እየበላ ይሁን እንጀራው እየተበላ መሣሪያው በምን ያውቃል? ይህን ማስተካከል የሚችሉት የቋንቋ ሊቃውንቱና የንባብ መምህራኑ ናቸው፤ ከሲሊከን ቫሊ የሚመጣልን የለም። የጅቡቲ ሰዎች የሚናገሩት ሶማሊኛና አፋርኛም ተመሳሳይ ድካም ይጠብቃቸዋል።

ሕጉ አለ። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9 የመረጃና የመገናኛ መሣሪያዎች ለሁሉ ክፍት እንዲሆኑ ያዛል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጅቡቲ በ2012 ተቀብለውታል፤ ጅቡቲ በ2018 ብሔራዊ የአካል ጉዳተኞች መሥሪያ ቤትም አቁማለች። ነገር ግን ሕግ ከመዝገብ ወጥቶ ወደ ግዢ ውል ካልገባ ፍሬ አያፈራም። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ባንክ አዲስ መገልገያ ሲያሠራ፣ «ዓይነ ሥውር ሞክሮት ካልተጠቀመበት ሒሳቡ አይከፈልም» የሚል አንድ መስመር በውሉ ይጻፍ። በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ ስልኩም የባንኩም አገልግሎት ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች በሕግ ይገደዳል፤ እዚያ በግዴታ የሚሠራውን እዚህ ለኛ ሲሸጡ ማጉደላቸውን ዝም ብለን የምንቀበለው ለምንድን ነው?

በጅቡቲ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ማኅበር የምለው ደግሞ ይህን ነው። የለቅሶውን፣ የእድሩን፣ የበዓሉን ማስታወቂያ ያማረ እንዲሆን በአበባና በሐረግ አስጊጠን ሥዕል አድርገን በቴሌግራም እንለቅቀዋለን፤ በሥዕል ውስጥ የታሰረ ጽሑፍ ግን ለአንባቢው ድምፅ ከሥዕልነት አያልፍም፤ አማርኛ የሚያውቀው ድምፅ እንኳ ቃሉን ከዚያ ላያወጣው ይችላል። ሥዕሉ ይቅር አልልም። ከሥሩ ያው ማስታወቂያ በተራ ፊደል ይተየብ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው። የካርቲየ 2 ወዳጄ የሚመጣውን የማኅበራችንን ስብሰባ ከማንም ሳይጠይቅ ዐውቆ በሰዓቱ እንዲገኝ፣ የሚቀጥለውን ማስታወቂያ የምታዘጋጁት ወንድሞችና እኅቶች ከዛሬ ጀምራችሁ እንዲሁ አድርጉ።