ስለ ሕፃናት የሥዕል ሥራ

ብዙ ወላጆች ሕፃኑ የሣለውን ይዞ ሲቀርብ፥ ወይ ሳያዩት «ጎሽ» ይሉታል፤ ወይ «ይህ ፈረስ ነው ወይስ አህያ?» ብለው ይሥቁበታል። በመጀመሪያው ልጁ ሥራውን መመርመር አይለምድም፤ በሁለተኛው ወረቀቱን ቀድዶ ከሥዕል ይሸሻል። ሥዕል የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉ ቢኖሩ፥ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማቋቋማቸውን ያስቡ።

የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ለሕፃን ግን የመጀመሪያው ዳኛ ራሱ ቢሆን ይሻላል እንላለን። በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አጠገብ የሚያድግ ልጅ ቅዱስ ጊዮርጊስን በፈረሱ ላይ ሣለ እንበል። «ምን ልትሥል አሰብህ? የቱ ደስ አሰኘህ? የቱንስ እንደገና ትሠራዋለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። «የፈረሱ እግር አጠረ» ብሎ ራሱ ከተናገረ፥ የሚመጣው ሳምንት ሥራው እግሩ ብቻ ይሁን፤ ጦሩና ዘንዶው ይቆዩ። (እርሳሱን ነጥቀው የሚያቀኑለት አባቶች አሉ፤ እግሩ ይቃናል፥ ሥዕሉ ግን የልጁ መሆኑ ይቀራል።) ወረቀቱ ቀን ተጽፎበት በሣጥን ይቀመጥ፤ ከወር በኋላም አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ልጁ ይፍረድ፤ አባትና እናት በዚያን ጊዜ ዝም ብለው ይስሙ።